የኑርሁሴን ፎቶ ጥቁር ጠርዝ

ኑርሁሴን ማክሰኞ ዕለት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሞተ። ሞተ ስል፣ እሱ ራሱ አላወቀም። አላማጣ ገበያ መሐል ቆሞ በርበሬ እያሸተተ «ይኼ እርጥብ ነው፣ ያኛው ያምናው ነው» እያለ ከነጋዴ ጋር ይከራከር ነበር። የሞተው መቐለ፣ ሓድነት፣ የገዛ ሱቁ ውስጥ፣ ሚዛኑን ተደግፎ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቱ ሀፊሳ ጠዋት ሱቁን ከፍታ፣ የጆንያዎቹን አፍ ገልብጣ፣ ሽሮውን አስተካክላ ስታበቃ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣችና ሚዛኑ ላይ አስደገፈችው። ወረቀቱ ላይ የወንድሟ ጉርድ ፎቶ ታትሟል፤ ለመታወቂያ የተነሳው ነው። ፊቱ ደብዝዟል። ዙሪያውን ደግሞ ጥቁር ጠርዝ ከቦታል። ሀፊሳ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ አገጯን በእጇ ደግፋ፣ ጥቁሩን ጠርዝ ትክ ብላ እያየች «ከየት መጣህ አንተ?» ትለዋለች። ጉንፋን ይዟት ስለነበር አፍንጫዋ ቀልቷል፣ ድምጿም ሳግ የተናነቀው ይመስላል።

በዚህ መሐል ጎረቤቷ ኣኽበረት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ሩብ ኪሎ ሽሮ ልትገዛ ብቅ አለች። ፎቶውን አየች። ጥቁሩን አየች። የሀፊሳን ቀይ አፍንጫ አየች። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባል የለ? የኣኽበረት ልብ ደግሞ ይግባኝ የለውም።

«ወይለይ! ወይለይ ሓወይ! ኑርሁሴን!» ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደፉ ላይ ዘጭ አለች።

«ኣኽበረት! ኧረ ምን ሆነሻል?»

«ትናንት እኮ ደህና ነበር! መኪና ነው? መንገድ ላይ ነው? ንገሪኝ ሓፍተይ፣ ንገሪኝ እህቴ!»

«አልሞተም! ይኼ የትምህርት ቤት ሥራ ነው!»

«ኣይዞሽ፤ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው አልሞተም ነው የሚለው» ብላ ኣኽበረት አቀፈቻት።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው! ከመንገድ ማዶ ያሉት ሰሙ፤ የሰሙት ለሌሎች አሰሙ። አስተዋይ ሰው ነኝ ያለ አንድ ጎረቤት «መጀመሪያ እናጣራ» ብሎ ኑርሁሴን ስልክ ላይ ደወለ። ኑርሁሴን ግን ገበያ ሲወርድ ሌባ ስለሚፈራ ስልኩን ሱቁ ውስጥ ጥሎ ነው የሚሄደው። ስልኩ መሳቢያው ውስጥ ሆኖ ሲጮኽ ማንም ማጣራት አላስፈለገውም፤ አስተዋዩም ሰውዬ አለቀሰ። ሀፊሳ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ብትምልም የሚሰማት አልነበረም። እንዲያውም «ሐዘኑ አእምሮዋን ነካት» ብለው ውኃ አመጡላት።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ኑርሁሴን ሦስት ጆንያ በርበሬ ሚኒባስ ላይ አስጭኖ መጣ። ደጁ ላይ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ አገኘው። ኑርሁሴን ለቅሶ አልፎ የሚሄድ ሰው አይደለም። ጆንያዎቹን መንገድ ዳር አስወረደና ጥግ ላይ ካለው ሰው ጎን ቁጭ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማን ነው የሞተው?» ብሎ ጠየቀ። ሰውየው ዞር ብሎ አየውና ከነወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ።

ሰው ሁሉ እየሳቀም እየተቆጣም ተሸኝቶ ሲያበቃ ኑርሁሴን ፎቶውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ እህቱ ፊት ቆመ።

«ወላሂ ሃምሳ ዓመት ስኖር የራሴን ለቅሶ እደርሳለሁ ብዬ አላሰብኩም።»

«ሰው ምን ያህል እንደሚወድህ አየህ ጋሼ» አለች ሀፊሳ፣ ሳቋን በጉንፋኗ እየሸፈነች።

«የቱን አየሁ! 'እንዲህ ያለ በርበሬ ከእንግዲህ ከየት ይገኛል' እያሉ አይደል ሲያለቅሱ የነበሩት? ስለኔ ማን አነሳ?» ፎቶውን ሚዛኑ ላይ ወረወረው። «ይኼ ትምህርት የሚሉት ነገር ሸጋ ነገር አያመጣም ብዬሻለሁ። እስከ ቅዳሜ ይኼን ጥቁር ከፊቴ ላይ ካነሳሽ አነሳሽ። ካላነሳሽ በዚያው ይብቃ!»

ቅዳሜን የመረጠው በዘፈቀደ አልነበረም። ቅዳሜ የሀፊሳ ፈተና ነው።

ሀፊሳ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏን ፈትታ ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ወደ መቐለ ወንድሟ ዘንድ ከመጣች አሥራ ሁለት ዓመቷ፤ ያን ጊዜ ሁሉ የሓድነት ሰው «የኑርሁሴን እህት» እያለ ነው የሚጠራት። በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ ወደ እንዳ ኢየሱስ በሚወስደው ዳገት ላይ ካለ አንድ ማሠልጠኛ ገብታ የፕሮግራም አጻጻፍ መማር ስትጀምር ወንድሟ የሰማው ከተመዘገበች በኋላ ነው። አሁን ደግሞ ዓይደር ያለ አንድ የግል ክሊኒክ፣ ለማስተማሪያ የሚሆኑ የሕመምተኞች ፎቶዎችን የሚይዝና ፊታቸውን የሚያደበዝዝ ሠራተኛ ይፈልጋል። ማሠልጠኛው ቅዳሜ የፈተና ሥራቸውን በትክክል ካሳዩት መሐል የአንድ ሰው ስም ይልካል። ሀፊሳ ያ ስም የእሷ እንዲሆን ፈልጋለች። ከማንኛውም ነገር በላይ ፈልጋዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ነገር እንዲህ አጥብቃ የፈለገችበት ጊዜ ስለሌለ መፈለጉ ራሱ ያስፈራት ነበር።

የፈተናው ሥራ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። ፎቶ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ በረድፍ የተደረደሩ ነጠብጣቦች ነው የሚሆነው። እያንዳንዷ ነጠብጣብ ቁጥር አላት፤ ድፍን ጥቁር ከሆነች ዜሮ፣ እየነጣች ስትሄድ ቁጥሯ ይጨምራል። ፎቶውን ለማደብዘዝ እያንዳንዷ ነጠብጣብ የራሷንና በዙሪያዋ ያሉ የስምንት ጎረቤቶቿን ቁጥር ትደምርና ለዘጠኝ ታካፍላለች። የሚገኘው አዲሱ ቁጥሯ ነው። ሁሉም ጎረቤቱን እየመሰለ ይሄዳል። ይህን ሠላሳ ጊዜ ሲደጋግሙት ሰውየውን የገዛ እናቱም አታውቀውም። ሀፊሳ ይህን ሁሉ በሁለት ሳምንት ጽፋ ጨርሳለች። ያልጻፈችው ያን ጥቁር ጠርዝ ነው፤ እሱ ግን ሳይጠራ መጣ።

ረቡዕ ከሰዓት ማሠልጠኛው ሄዳ በመጀመሪያ የከሰሰችው ፎቶውን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባውን የስካነር መስተዋት ነው። ቆሻሻ ነው ብላ በሻሿ ጫፍ እስኪያብረቀርቅ ወለወለችው። ጠርዙ ቅንጣት አልነጣም። ቀጥላ ፎቶውን ራሱን ከሰሰች፤ የጋሼ ፊት ሳይሆን አይቀርም ብላ የመምህሯን የኣንዶምን መታወቂያ ተውሳ አስገባች። ኣንዶም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ዓመት ያልሞላው የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው። በትከሻዋ ላይ አጮልቆ ሲያይ እሱም በጥቁር ተከቦ ከስክሪኑ ላይ ያየዋል።

«ወይ ጉድ፣ እኔንም ገደልሽኝ? ገና ሚስት እንኳን አላገባሁም።»

«ዝም በል መምህር፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለችው።

ኣንዶም መልሱን ያውቀዋል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቀዋል። ግን ይህ ልጅ መልስ ከሚሰጥ ጥርሱን ቢያስነቅል ይመርጣል። ሲያስተምር «በሊ ሓፍተይ፣ አንቺ ንገሪኝ» ከማለት ሌላ አያውቅም። መጀመሪያ ሰሞን እርስዎ ይላት ነበር፤ «አንቱ ስባል ወገቤን ያመኛል» ብላ አስተወችው።

ሐሙስ ዕለት ሀፊሳ ብልጠት መጣላት። ጠርዙ ጥቁር ከሆነ ለምን አይቆረጥም? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ጥቁሩን ቆርጣ ጣለችና ፕሮግራሙን ደግማ ብታስኬደው አዲስ ጥቁር ጠርዝ ወጣ። ያንንም ቆረጠች። ሌላ ወጣ። አራተኛው ላይ ኑርሁሴን ሁለቱንም ጆሮዎቹን አጥቶ ነበር።

«ትንሽ ከቆየሽ አፍንጫው ብቻ ይቀራል» አለ ኣንዶም።

ያን ጊዜ ሀፊሳ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ኣንዶም መሳቁን አቆመ። ቀልድ ያበዛል እንጂ ክፉ ልጅ አይደለም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ባለካሬ ደብተር አምጥቶ ፊቷ ዘረጋው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ኮምፒውተሩን እንተወውና አንቺ በእጅሽ ሥሪው። ሁሉም ነጠብጣብ ዘጠና ነው እንበል። መሐል ያለችውን አስዪያት።»

ሀፊሳ ሠራች። ዘጠኝ ጊዜ ዘጠና፣ ስምንት መቶ አሥር፤ ለዘጠኝ ሲካፈል ዘጠና። ልክ ነው።

«አሁን ጥግ ላይ ያለችውን።»

ጥግ ላይ ያለችው ሦስት ጎረቤት ብቻ ነው ያላት። ከራሷ ጋር አራት። አራት ጊዜ ዘጠና፣ ሦስት መቶ ስድሳ፤ ለዘጠኝ ሲካፈል አርባ። ሀፊሳ ደግማ ሠራችው። አርባ።

«ዘጠና የነበረችው ለምን አርባ ሆነች?» አለ ኣንዶም።

«አምስቱ ስላልመጡ ነዋ። ባዶ እጃቸውን ናቸው፤ ዜሮ ብዬ ደመርኳቸው።»

«ታዲያ ለምን ለዘጠኝ ታካፍያለሽ?»

ሀፊሳ ቀና ብላ አየችው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተማረ ሰው አልጠበቀችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በሓድነት ወሎዬዎች ዘንድ ለአረፋ ዘጠኝ ቤተሰብ ሆኖ ቅርጫ ይገባል። ወንዶቹ ያርዳሉ፣ ይበልታሉ፤ መደቡን የምታስተካክለው ግን ሀፊሳ ናት። ከዚህ ሥጋ ቀንሳ፣ ከዚያ ጉበት ጨምራ፣ ዘጠኙን መደብ እኩል አድርጋ ስትነሳ ዕጣ ይጣላል፤ እስከ ዛሬ «አነሰኝ» ያለ የለም። ሰው ታሞ ቢቀር፣ ሰርግ ሄዶ ቢቀር፣ ተኮራርፎ ቢቀር እንኳን መደቡ ዘጠኝ ነው። የቀረው ሰው ድርሻ በፌስታል ታስሮ እስከ ቤቱ ይሄዳል። ያልመጣን ሰው ከቁጥር ማውጣት በሀፊሳ ዘንድ የስርቆት ታናሽ ወንድም ነው። ኮምፒውተር ላይም ስትቀመጥ ይህንኑ ይዛ ነው የተቀመጠችው፤ ሰው የለመደውን ትቶ ምን ይዞ ይቀመጣል?

«መምህር» አለችው፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብላ፣ «ያልመጣም ድርሻው አይቀርም። ዘጠኝ ከተባለ ዘጠኝ ነው። እናንተ አገር እንዲህ አይደለም?»

«ነው እንጂ። ግን የእነዚህ የአምስቱ ቤት የት ነው?»

«የት ይሆናል...» አለችና የእርሳሷን ጫፍ ከካሬዎቹ ውጪ፣ ወደ ባዶው ወረቀት ወሰደችው። እዚያ ምንም የለም።

«ድርሻቸውንስ ማን ያደርስላቸዋል?»

እርሳሱ ባዶው ላይ ቆሞ ቀረ።

«ሓፍተይ፣ ያልመጣ ሌላ፣ የሌለ ሌላ» አለ ኣንዶም።

ሀፊሳ የጥጓን ካሬ በእርሳሷ ከበበቻት። ያቺ ምስኪን የጥግ ነጠብጣብ፣ አራት ሰው ያመጣውን ይዛ፣ ሠላሳ ጊዜ በተከታታይ፣ ተወልዶ ለማያውቅ አምስት ሰው ድርሻ ስታወጣ ታየቻት። ጠርዙ ቀለም አልነበረም፤ የጠቆረው በራብ ነው። «ያ ረቢ! በእኔው እጅ!» አለች፤ ከልቧ ነው ያዘነችው። ከዚያ ደግሞ ሳቅ መጣባትና ኣንዶምን በደብተሩ ትከሻውን መታችው።

«ከማክሰኞ ጀምሮ እያወቅህ ነው?»

«ከሰኞ» አለ ኣንዶም፣ ትከሻውን እያሸ።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ በርበሬ እየመዘነች አዲሱን መስመር በልቧ ስታረቅቅ ዋለች። ዘጠኝ የሚለው ይወጣል። በምትኩ ቆጣሪ ይገባል፤ ጎረቤት በእርግጥ ካለ አንድ ይጨምራል፣ ከሌለ ያልፋል። ከዚያ ለቆጣሪው ይካፈላል።

ቅዳሜ ጠዋት ኑርሁሴን ሱቁን ዘግቶ አብሯት መጣ። የዘጋው በዓል ቀን እንኳን የማይዘጋውን ሱቅ ነው። «የራሴን ፊት የራሴ ዓይን ይመርምረው» አለ። ኮት ለብሷል። ሌሎቹ አምስት ተማሪዎች ተራ በተራ አሳይተው ሲጨርሱ ሀፊሳ ተጠራች። ኣንዶም ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ጎኗ ቆመ፤ ኑርሁሴን ከኋላዋ።

አዲሱን መስመር ጽፋ አስኬደችው።

ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆነ። ጠርዝ የለ፣ ፊት የለ፤ ሁሉም ድፍን ጨለማ።

«ጠርዙን አንሺ ብልሽ ጭራሽ አፈር አለበስሽኝ?» አለ ኑርሁሴን።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሀፊሳ አልሳቀችም። ፈተና ነውና ኣንዶም ዛሬ ሊረዳት ቢፈልግም አይችልም። ኑርሁሴን ሰዓቱን አየ።

ነገርን ከሥሩ። ሀፊሳ ሠላሳ የሚለውን አጠፋችና አንድ ጻፈች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይደብዝዝና ምን እንደሚሆን ልየው ብላ። ከዚያ ፎቶውን ከላይ በግራ በኩል ካለው ጥግ አጎላችው። የመጀመሪያዋ የጥግ ነጠብጣብ በትክክል ነጭ ናት። ሁለተኛዋ ደብዘዝ ብላለች። ሦስተኛዋ ጠቆር፣ አራተኛዋ የባሰች፤ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው። የመጀመሪያዋ ልክ ከሆነች አካፋዩ ልክ ነው። ታዲያ ሁለተኛዋ ምን በድላ ነው?

ጣቷን በኮዱ መስመሮች ላይ ከላይ ወደ ታች እየነዳች አነበበች። «ቆጣሪ ዜሮ ይሁን» የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። የተጻፈው መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛዋ ነጠብጣብ ስትቆጥር የመጀመሪያዋን ጎረቤቶች ደርባ ነው የቆጠረችው፤ ሦስተኛዋ የሁለቱንም። መጨረሻ ላይ ያለችው የመንደሩን ሰው ሁሉ ቆጥራ ለእልፍ ታካፍላለች።

«እያንዳንዷ ከራሷ ትጀምር እንጂ!» አለች ጮክ ብላ። መስመሩን ለእያንዳንዷ ነጠብጣብ ወደሚደጋገመው ክፍል ውስጥ አስገባችው፣ አንዱን ወደ ሠላሳ መለሰችው፣ ቢስሚላህ ብላ አስኬደችው።

ፎቶው ወጣ። እስከ ጫፉ ድረስ ብሩህ ነው። ከየትኛውም ጥግ ጥቁር የሚባል ነገር የለም። መሐሉ ላይ አንድ የተድበሰበሰ ፊት አለ፤ የማንም ሊሆን ይችላል።

«ጽቡቕ!» አለ ኣንዶም፤ መምህርነቱን ረስቶ አጨበጨበ። ከዚያ ትዝ ሲለው ጉሮሮውን ጠረገና ወረቀቱ ላይ ከነአባቷ ስሟን ጻፈ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ዓይደር ክሊኒኩ እንድትገኝ ነገራት። ከስድስቱ ሥራዎች መሐል ተማሪው በራሱ ስህተቱን ሲያገኝ ያየው የእሷን ብቻ ነው፤ ይህንንም ሁሉም እየሰሙ ተናገረ። ሀፊሳ ወረቀቱን ተቀብላ ስሟን ሁለት ጊዜ አነበበችው። የኑርሁሴን እህት አይልም።

ኑርሁሴን ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ቀርቷል።

«ይኼ ማነው?»

«አንተ ነህ ጋሼ።»

«እኔን አይመስልም።»

«እንዳይመስል ነው ሥራው። ጥቁሩ ግን ተነሳልህ አይደል? ቃልህን ትበላለህ?»

«አልበላም።» ቀና አለ፤ የኮቱን ቁልፍ ዘጋ፣ መልሶ ፈታ። ሰዎቹ ወደ በሩ እየወጡ ስለነበር ድምፁን ቀነሰ። «ሰኞ ምሳ ታዲያ ከማን ጋር ነው የምበላው?»

ሀፊሳ የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ፊቱን አየችው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጾም ወይም የገበያ ቀን ካልሆነ በቀር አንድ ቀን ሳይጓደል፣ ከጆንያዎቹ ኋላ ከአንድ ሰሃን ነው የበሉት። ስለ ትምህርቱ ሲነጫነጭ የከረመው፣ ሽሮ ማን ይመዝናል፣ ሱቅ ማን ይጠብቃል ሲል የኖረው ሁሉ ይህን ለመጠየቅ አፍሮ ኖሯል።

«ከዓይደር ሓድነት በባጃጅ ሩቅ አይደለም» አለችው። «ከቻልኩ ሰባት ሰዓት ላይ እመጣለሁ።»

«ባትችዪስ? ድርሻሽን ከድኜ ላቆይልሽ?»

የሓድነት ሰው ሁሉ የሚያውቃት መደብ አስተካካይዋ ሀፊሳ፣ አዎ ልትል አፏን ከፈተች። ድፍን አሥራ ሁለት ዓመት ያንን ነው ስትል የኖረችው። ግን ወንድሟ ብቻውን፣ ከጎኑ የተከደነ ሰሃን አስቀምጦ፣ በሩን በሩን እያየ ሲበላ ታያት።

«አታቆይልኝ ጋሼ» አለች። «ኣኽበረትን ጥራት። ካለ ሰው ጋር ብላ።»

ኑርሁሴን ራሱን ነቀነቀ። ዳገቱን ሲወርዱ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣለ፤ እስከ ሓድነትም አላወረደውም።